ንግግሩ የፓርቲው ነው ወይስ የወንበሩ?

(ይህ በአዳራሽ በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሰላም ለሁላችሁም። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ርዕሱን ስታዩ ምን እንደጠበቃችሁ እገምታለሁ። የሁለት ተፎካካሪ ፓርቲዎችን ንግግር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይሄኛው አንደበተ ርቱዕ ነው፣ ያኛው አይረባም» የሚል ዳኝነት። ይህን ዳኝነት ሁላችንም እናውቅበታለን። ችግሩ ፍርዱ አስቀድሞ ያለቀ መሆኑ ነው። የምንደግፈው ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ወኔ ነው። የምንቃወመው ከፍ ሲያደርግ ጩኸት ነው። የእኛው ሲቀልድ ጨዋታ አዋቂ፣ የእነሱ ሲቀልድ አላጋጭ።

እኔ የምለው ሌላ ነው። የተፎካካሪ ፓርቲዎችን ንግግር ስናወዳድር የፓርቲ ልዩነት የሚመስለን ነገር አብዛኛው የወንበር ልዩነት ነው። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ወንበሩ የሚያስወራውን ያወራል። ሥልጣን የሚፈልግም እንደፈላጊ ያወራል። ቦታ ቢቀያየሩ ንግግሩንም ይቀያየራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የወንበሩን ድርሻ መቀነስ ነው። ከዚያ የሚተርፈው የፓርቲው ነው። የሚተርፈው ብዙ አይደለም። ግን መነጋገር ያለብን ስለ እሱ ነው።

አንድ ሰው፣ አንድ ፓርቲ፣ ሁለት ወንበር የምናገኝበት ጥሩ ምሳሌ አለ። የአሜሪካው ሮናልድ ሬገን በ1980 ሥልጣን ፈላጊ ነበር። በ1984 ፕሬዚዳንት ሆኖ ለሁለተኛ ዙር ተወዳደረ።

ኦክቶበር 28 ቀን 1980 ክሊቭላንድ ላይ ከዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ጋር ተከራከረ። ምርጫው ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ኑሮ ተወዷል፤ የዚያ ዓመት የዋጋ ንረት ከ13 በመቶ በላይ ነበር። ቴህራን ውስጥ 52 አሜሪካውያን ከታገቱ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሬገን የመዝጊያ ሰዓቱ ሲደርስ ለተመልካቹ ጥያቄ አቀረበ። ከአራት ዓመት በፊት ከነበራችሁበት ዛሬ ይሻላችኋል? ሱቅ ሄዳችሁ ዕቃ መግዛት ከያኔው ቀሏችኋል? ሥራ አጥነት በዝቷል ወይስ ቀንሷል?

ልብ በሉ፣ ጥያቄው ውስጥ ቁጥር የለም። ቁጥር ቢጠራ ካርተር በሌላ ቁጥር ይመልስለት ነበር። ጥያቄ ሲሆን ግን መልሱን የሚሰጠው አድማጩ ነው፤ ያውም ከገዛ ኪሱ። ሰው ራሱ ለራሱ የሰጠውን መልስ የትኛውም ተከራካሪ አያስተባብለውም።

ካርተርስ? ስለ ልምዱ አወራ። በአራት ዓመት ውስጥ ስለወሰናቸው ውሳኔዎች ብዛት፣ ሥራው ስላስተማረው ነገር፣ ስለ ኃላፊነቱ ክብደት። ከዚያ ደግሞ ማስጠንቀቂያ፤ ይህ ሰው ቢመጣ አደጋ ነው የሚል። በኦገስት የፓርቲው ጉባኤ ላይም ምርጫው የሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆን የሁለት የተለያዩ መጻኢ ጊዜዎች ምርጫ ነው ብሎ ነበር። የሥልጣን ወንበር ያለፈውን ለመከላከል ሲቸገር ወደፊቱን ያስፈራራበታል። ይህ የዴሞክራቶች ጠባይ አይደለም። የወንበሩ ጠባይ ነው።

አሁን አራት ዓመት እንዝለል። ኦክቶበር 7 ቀን 1984፣ ሉዊቪል። ሬገን ከዴሞክራቱ ዋልተር ሞንዴል ጋር ቆሟል። እዚያች የ1980 ጥያቄ ላይ ምን አደረገ መሰላችሁ? ራሱ አነሳት። ከአራት ዓመት በፊት ይህን ጠይቄያችሁ ነበር አለ። ዛሬም እንድደግመው ትጠብቁ ይሆናል፣ ግን አልደግመውም አለ። ለምን? በድህነት ውስጥ ያሉ ሰዎች እኔ እንደምፈልገው ሊመልሱልኝ አይችሉም ብሎ አመነ። አብዛኛው ሰው ግን ይሻለኛል ይላል አለ። ከዚያ ጥያቄውን ሰፋ አደረገው። አሜሪካስ ከአራት ዓመት በፊት ከነበረችው ትሻላለች ወይ?

ይህችን ለውጥ ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። በ1980 ጥያቄው «እናንተ» ነበር። በ1984 «ሀገሪቱ» ሆነ። ሰውዬው ያው ነው። ፓርቲው ያው ነው። እምነቱም አልተለወጠም። የተለወጠው የተቀመጠበት ቦታ ነው። «እናንተ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለእያንዳንዱ ቤት መልስ መስጠት አለበት። «ሀገሪቱ» ብሎ የሚጠይቅ ግን አማካዩን ይዞ መሄድ ይችላል። ዓለም ላይ ሥልጣን የያዘ ሁሉ ስለ አማካይ ማውራት ይወዳል። ሥልጣን የሚፈልግ ደግሞ አንዲት እናት ይጠቅሳል፤ ስሟን፣ ልጇን፣ የቤት ኪራይዋን።

ሞንዴልም የፈላጊውን ሚና አልሳተም። የፕሬዚዳንቱን ጥያቄ ተቀብሎ ከፋፈለው። ሀብታም ከሆናችሁ ይሻላችኋል፣ መካከለኛ ከሆናችሁ የነበራችሁበት ናችሁ፣ ዝቅተኛ ገቢ ካላችሁ ብሶባችኋል አለ። አማካዩን መልሶ ወደ ሰዎች በተነው ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ጁላይ 16 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የኒውዮርኩ ገዥ ማሪዮ ኩሞ በዴሞክራቶች ጉባኤ የተናገረውን ብዙዎች የዘመኑ ምርጥ ንግግር ይሉታል። ሬገን አሜሪካን «በተራራ ላይ ያለች የምታበራ ከተማ» ማለት ይወድ ነበር። ምንጩ ማቴዎስ 5 ነው፤ «በተራራ ላይ ያለች ከተማ ልትሰወር አይቻላትም» ከሚለው። ጆን ዊንትሮፕ በ1630 ለአዲስ ሰፋሪዎች ተጠቅሞበታል። «የምታበራ» የምትለዋን የጨመረባት ሬገን ነው። ኩሞ ይህን ምስል አልካደም። ውሸት ነው አላለም። አዎ፣ የምታበራ ከተማ ናት፣ ግን ሌላም ከተማ አለ አለ። ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እርስዎ በማያዩዋቸው ፊቶች ላይ፣ በማይጎበኟቸው ቦታዎች ተስፋ መቁረጥ አለ አለ።

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። የተቃዋሚህን ምስል ከካድክ ሰዎች የሚወዱትን ነገር እየካድክ ነው። ከተማዋን ተቀብለህ ከኋላዋ ያለውን ሰፈር ካሳየህ ግን ምስሉን ወረስከው። ሬገን «የምታበራ ከተማ» ባለ ቁጥር ኩሞን የሰማ ሰው ሁለተኛውንም ከተማ ማሰቡ አይቀርም።

ይሁንና ሬገን በኖቬምበር ከ50 ግዛቶች 49ኙን አሸነፈ። ኩሞ እጩ አልነበረም፣ እሱ እውነት ነው። ያም ሆኖ ይህን የምነግራችሁ ንግግርን የሚያጠና ሰው ሁሉ ስለሚረሳው ነው። የንግግር ውበት ሌላ፣ ድምፅ ሌላ። ሞንዴል ራሱ በዚያው ጉባኤ ሬገንም ግብር ይጨምራል፣ እኔም እጨምራለሁ፣ እሱ አይነግራችሁም፣ እኔ ነገርኳችሁ ብሎ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ድፍረቱ ግልጽ፣ ጭብጨባው ሞቅ ያለ። ውጤቱን ነገርኳችሁ።

ስለ ጭብጨባ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልበል። ጆን ሄሪቴጅ እና ዴቪድ ግሬትባች የተባሉ ተመራማሪዎች በ1981 በሦስት የብሪታንያ ፓርቲዎች ጉባኤ የተደረጉ 476 ንግግሮችን አጥንተው ነበር። ወግ አጥባቂው፣ ሌበር እና ሊበራል። ሕዝቡ መቼ እንደሚያጨበጭብ ነው ያዩት። ከጭብጨባው ሁለት ሦስተኛ ገደማ የተገኘው ጥቂት የታወቁ ብልሃቶችን ተከትሎ ነው። ሁለት ነገሮችን ማነጻጸር፣ ሦስት ነገሮችን መደርደር፣ እንቆቅልሽ አቅርቦ መፍታት፣ የመሳሰሉት። ብልሃቶቹ ፓርቲ የላቸውም። ቀኙም ግራውም በዚያው ነው የሚሠራው። «ያ ፓርቲ ሕዝብን በንግግር ያታልላል» ሲባል ስሰማ ፈገግ የምለው ለዚህ ነው። መሣሪያው የጋራ ነው።

የወንበሩን ሰዋስው ደግሞ ባጭሩ እንየው። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ሲሳካ ባለቤት አለው። መንገድ «ሠራን»፣ ትምህርት ቤት «ከፈትን»። ሲበላሽ ግን ባለቤቱ ይጠፋል። ሬገን በጃንዋሪ 1987 ለኮንግረስ ባደረገው ዓመታዊ ንግግር ለኢራን በድብቅ ስለተሸጠው መሣሪያ ሲናገር «ከባድ ስህተቶች ተፈጽመዋል» አለ። ማን ፈጸማቸው? ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም። እኛም በአማርኛችን ይህን በደንብ እናውቀዋለን። «ክፍተቶች ታይተዋል።» ማን ከፈታቸው አይባልም። ማን አያቸው እንኳ አይባልም። ለፍትሕ ያህል ሬገን ከአምስት ሳምንት በኋላ በቴሌቪዥን ቀርቦ ሙሉ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ብሏል።

ተቃዋሚው ደግሞ ተቃራኒው በሽታ አለበት። ለሁሉም ነገር ባለቤት ያገኛል። ዝናብ ቢቀር መንግሥት ነው። ንግግሩ ውስጥ «እነሱ» የምትለው ቃል ትበዛለች፤ ግሦቹ ሁሉ «አደረጉን፣ ነጠቁን፣ ረሱን» ናቸው። ሥልጣን ከያዘ በኋላ ስንቱ ነገር «ዓለም አቀፍ ሁኔታ» እንደሚሆን ብታዩ!

እስካሁን የነገርኳችሁ የወንበሩን ነው። አሁን ወደሚተርፈው ልሂድ። ለዚህ የምወደው ጉዳይ የ1945ቱ የብሪታንያ ምርጫ ነው። ትንሽ እንቆይበት።

ዊንስተን ቸርችል እና ክሌመንት አትሊ ጦርነቱን በአንድ ካቢኔ ውስጥ ነው ያሳለፉት። ቸርችል የወግ አጥባቂው መሪ፣ አትሊ የሌበር። አትሊ ከ1942 ጀምሮ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። በሜይ 1945 ጥምር መንግሥቱ ፈረሰና ወደ ምርጫ ተገባ። ጁን 4 ቸርችል በሬዲዮ ተናገረ። ሶሻሊዝም ያለ ፖለቲካ ፖሊስ አይቆምም አለ። ሌበር ሥልጣን ቢይዝ አንድ ዓይነት ጌስታፖ፣ ማለትም እንደ ናዚዎቹ ያለ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ ላይ መደገፉ አይቀርም አለ።

ጌስታፖ! ጊዜውን አስቡት። የናዚዎች የቤልሰን ማጎሪያ ነጻ የወጣው በኤፕሪል ነው። እዚያ የተቀረጸው ፊልም ገና ከሰው ዓይን አልጠፋም። ይህ ስድብ የተሰነዘረው ደግሞ አምስት ዓመት አብረውት ሂትለርን በተዋጉ ሰዎች ላይ ነው። ባለቤቱ ክሌመንታይን ይህን አውጣው ብላው ነበር ይባላል።

እዚህ ላይ የወንበሩ ሕግ የተጣሰ ይመስላል። ቸርችል ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። ወንበሩ የሚያስወራው ስለ ድል፣ ስለ ልምድ፣ ስለ መረጋጋት ነበር። እሱ ግን ሥልጣን እንደሌለው ሰው አጠቃ። ያላየውን ነገር እንዳየ አድርጎ አስፈራራ።

አትሊ በማግስቱ ጁን 5 መለሰ። አትሊ ድምፁ የሚማርክ ሰው አልነበረም። ደረቅ ነው፤ ቆጠብ ያለ። የመለሰው ግን እንደ ጥሩ ሐኪም ነው፤ ሳይጮህ፣ የታመመውን ቦታ ብቻ ነክቶ። የጠቅላይ ሚኒስትሩን ንግግር ስሰማ ዓላማው ወዲያው ገባኝ አለ። የተባበረ ሕዝብ የጦርነት መሪ በሆነው በዊንስተን ቸርችል እና የወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪ በሆነው በሚስተር ቸርችል መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ መራጩ እንዲያውቅለት ፈልጎ ነው አለ። በጦርነቱ የተከተሉት ሰዎች በውለታ ስሜት ወደፊትም እንዳይከተሉት ሰግቶ ይሆናል፤ ከዚህ ስላነቃቸው አመሰግነዋለሁ አለ።

አንድም ስድብ የለበትም። ቸርችልን ለሁለት ከፈለው። ጀግናውን አከበረ፣ የፓርቲውን ሰው አሰናበተ። ቸርችልን የሚወድ ሰው ቸርችልን ሳይከዳ ሌበርን መምረጥ እንዲችል በር ከፈተለት። ከተፎካካሪ ንግግሮች ሁሉ ይህን ያህል ያስደነቀኝ መልስ የለም።

ግን የመጣነው ለትርፉ ነው። ሁለቱም ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ስለ አንድ ነገር ነው ያወሩት፤ ስለ ነጻነት። ቸርችል የግለሰብ ነጻነት በመንግሥት ሊዋጥ ነው ይላል። አትሊም ነጻነትን አልተወለትም። ቀጣሪዎች ሕፃናትን በቀን 16 ሰዓት ለማሠራት ነጻ የነበሩበት ጊዜ ነበር አለ። ሴት ሠራተኞችን በሳንቲም ሱሪ ለማሰፋት ነጻ የነበሩበት ጊዜ ነበር አለ። ንጽሕናን ችላ ለማለት ነጻ የነበሩበት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መዳን በሚችል በሽታ የሞቱበት ጊዜ ነበር አለ። ያ በእውነቱ ለሀብታም ነጻነት፣ ለድሃ ባርነት ነበር ብሎ ዘጋው።

ይህን ወንበር አያስረዳውም። ቢቀያየሩም ሁለቱ ስለ ነጻነት አንድ ዓይነት ነገር አይሉም ነበር። ቸርችል ስለ ነጻነት ሲያወራ የሚፈራው መሥሪያ ቤትን ነው። አትሊ የሚፈራው ባለፋብሪካውን ነው። ፓርቲ ማለት ለእኔ ይህ ነው። ትልቁን ቃል ማንም ይጠራዋል። ነጻነት፣ ፍትሕ፣ ሕዝብ፣ ልማት፣ ሰላም፤ እነዚህን የሚቃወም ፓርቲ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጥያቄው ከማን ነው የሚያስጥለን የሚለው ነው። ሁለት ንግግሮች ውስጥ አንድ ዓይነት ትልቅ ቃል ስታገኙ አደጋው ከየት እንደሚመጣ የሚሉትን ፈልጉ። ልዩነቱ የሚገኘው እዚያ ነው።

ድምፅ የተሰጠው ጁላይ 5 ነበር። ባሕር ማዶ ያሉ ወታደሮች ድምፅ እስኪሰበሰብ ውጤቱ ጁላይ 26 ተነገረ። ሌበር 393 መቀመጫ፣ ወግ አጥባቂው 197። ጌስታፖ የምትለዋ ቃል ናት ያሸነፈቻቸው ብዬ አልነግራችሁም። ሰዉ ቤት ይፈልግ ነበር። የ1930ዎቹን ሥራ አጥነት አልረሳም። በዲሴምበር 1942 የወጣው የቤቨሪጅ ሪፖርት ስለ ማኅበራዊ ዋስትና ተስፋ ሰጥቶት ነበር። ቃሏ ያደረገችው ለዚያ ሁሉ ምክንያት መልክ መስጠት ነው።

ወንበሩ እኩል የሆነበት ሁኔታም አለ። ሁለቱም ፓርቲ ሥልጣን የሌለው፣ ሁለቱም አንድ ግብ ያለው። ጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና። በ1947 የተቋቋመው የተባበሩት ጎልድ ኮስት ኮንቬንሽን ከእንግሊዝ ነጻ መውጣት ይፈልጋል። ንክሩማ በጁን 1949 ከእሱ ወጥቶ የመሠረተው የሕዝብ ኮንቬንሽን ፓርቲም ይህንኑ ይፈልጋል። የመጀመሪያው መፈክር «ራስን ማስተዳደር፣ በተቻለ አጭር ጊዜ ውስጥ» የሚል ነበር። የንክሩማ «ራስን ማስተዳደር፣ አሁን!»

የመጀመሪያው የጠበቆች ዓረፍተ ነገር ነው። በእርግጥም ብዙዎቹ መሪዎቹ ጠበቆችና ነጋዴዎች ነበሩ። ሐቀኛ ነው፤ ማንም በውሸት አይከሰውም። ግን አደባባይ ላይ ሞክሩት እስቲ፤ «በተቻለ አጭር ጊዜ ውስጥ!» ብሎ ሕዝብ አይጮህም። «አሁን» የምትለው ግን የገበያዋ ሴትዮም፣ ትምህርት ጨርሶ ሥራ ያጣው ወጣትም የሚላት ቃል ናት። ልዩነቱ የድምፅ ውበት ብቻ አይደለም። «በተቻለ ጊዜ» ሲባል መቼ እንደሚቻል የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። «አሁን» ሲባል ወሳኙ የሚጮኸው ነው። አንዱ ፓርቲ ድርድር ያስባል፣ ሌላው አድማ። በ1951 ምርጫ የንክሩማ ፓርቲ ከ38 መቀመጫ 34ቱን ወሰደ። ንክሩማ ያሸነፈው እስር ቤት ሆኖ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የምታወዳድሩት ጽሑፍ ከየት እንደመጣ እወቁ። በ1858 አብርሃም ሊንከን እና ስቲቨን ዳግላስ ለኢሊኖይ የሴኔት መቀመጫ ሰባት ጊዜ ተከራከሩ። አንዱ አንድ ሰዓት ይናገራል፣ ሌላው አንድ ሰዓት ተኩል፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይመልሳል። የዛሬ ተከራካሪ ይህን ቢሰማ ይደነግጣል። ሊንከንን የሚደግፍ የቺካጎ ጋዜጣ ነበር፤ ዳግላስን የሚደግፍም ነበር። ሁለቱም ፈጣን ጸሐፊ ልከዋል። የራሳቸውን ሰው ንግግር አሳምረው፣ ሰዋስዉን አቃንተው አተሙት። የሌላውን እንደወረደ፣ ከነመንተባተቡ። አንዱን ጋዜጣ ብቻ ያነበበ ሰው «ያኛው ሰውዬ ማውራት አይችልም» ቢል አትፍረዱበት። ሊንከን ክርክሮቹን አሰባስቦ በ1860 በመጽሐፍ ሲያሳትም የራሱን ከራሱ ደጋፊ ጋዜጣ፣ የዳግላስን ከዳግላስ ደጋፊ ወስዷል። ይህ ነው ፍትሐዊ ማወዳደር።

ቦታውም ይወስናል። ሊንከን በጁላይ ቺካጎ ላይ የሰው ዘርን እየለዩ መናገር እንተው፣ ሰው ሁሉ እኩል ነው ብሎ ነበር። በሴፕቴምበር በዚያው ኢሊኖይ ወደ ደቡብ ወርዶ ቻርልስተን ላይ ግን ነጭና ጥቁር በማኅበራዊና በፖለቲካ መብት እኩል ይሁኑ ብዬ አላውቅም አለ። ዳግላስ ያዘው። እንደ ሰፈሩ ትለዋወጣለህ አለው። ትክክል ነበር። የአንዱን ፓርቲ የደጋፊዎች ስብሰባ ከሌላው የፓርላማ ንግግር ጋር የሚያወዳድር ሰው የሚያወዳድረው ፓርቲዎችን አይደለም፣ አዳራሾችን ነው። ዛሬ ደግሞ ስልካችን ላይ የሚደርሰን የተቆረጠ ሠላሳ ሰከንድ ነው። ማን እንደቆረጠው እንኳ አናውቅም።

ስለ ደቡብ አፍሪካ ሳልናገር አልወርድም። ኤፕሪል 14 ቀን 1994 ኔልሰን ማንዴላ እና የጊዜው ፕሬዚዳንት ኤፍ. ደብሊው. ደ ክለርክ በቴሌቪዥን ተከራከሩ። ማንዴላ አልራራለትም፤ አጠንክሮ ነው የወቀሰው። መጨረሻ ላይ ግን እጁን ዘረጋለት። አብረን ወደፊት እንድንሄድ እጅህን በመያዜ እኮራለሁ አለው። ብዙ ሰው ይህን የማንዴላ ልበ ሰፊነት ብቻ አድርጎ ይተርከዋል። ልበ ሰፊነቱ አለ። ግን ሕጉንም እዩ። የሽግግሩ ሕገ መንግሥት የብሔራዊ አንድነት መንግሥት ያዝዝ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በሚቀጥለው ወር አንድ ካቢኔ ውስጥ እንደሚቀመጡ ያውቁ ነበር፤ ተቀመጡም፣ ደ ክለርክ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ነገ አብረኸው የምትሠራውን ሰው ዛሬ የሀገር ጠላት ብለህ መጥራት ይከብዳል። አሸናፊው ሁሉን ጠቅልሎ በሚወስድበት ሥርዓት ግን ይህ ልጓም የለም። ምላስን የሚገራው ጨዋነት ብቻ ሳይሆን የምርጫ ሕግም ነው።

ከዚህ በኋላ የነበረው ጥያቄና መልስ ነው። ሁለቱን እጽፋለሁ።

አንድ ወጣት «ሁሉም አንድ ዓይነት ብልሃት ከተጠቀመ ማንን እንመን?» አለኝ። ንግግር በመተንተን እውነተኛውን ከውሸታሙ መለየት አይቻልም። አትሊ ስለ ሕፃናት ሠራተኞች የተናገረው እውነት መሆኑን የምታውቁት ከዓረፍተ ነገሩ ውበት አይደለም፤ ከፋብሪካ ታሪክ ነው። ቁጥር ስትሰሙ ደግሞ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደተቆጠረ ጠይቁ። ገዢው ሥልጣን ከያዘበት ዓመት መቁጠር ይወዳል፣ በተለይ ያ ዓመት ክፉ ከነበረ። ተቃዋሚው ጥሩውን ዓመት መርጦ ከዚያ ይጀምራል። ሁለቱም ሳይዋሹ ተቃራኒ ነገር ሊናገሩ ይችላሉ።

አንዲት ተማሪ ደግሞ «እኔ ራሴ ልሞክረው ብል ከየት ልጀምር?» አለች። ከበጀት ክርክር ጀምሪ አልኳት። በብሪታንያ ፓርላማ የገንዘብ ሚኒስትሩ በጀቱን አቅርቦ ሲጨርስ የተቃዋሚው መሪ ወዲያው ተነሥቶ ይመልሳል። ቀኑ አንድ፣ አዳራሹ አንድ፣ ቁጥሩም አንድ ነው። ከዚያ ሁለቱ ፓርቲዎች ወንበር የተቀያየሩበትን ሌላ ዓመት ፈልገሽ ተመሳሳዩን ሁለት ንግግር አምጪ። አራት ጽሑፍ ያስፈልግሻል፣ ሁለት አይበቃም። በአራቱም ውስጥ ወንበሩን ተከትሎ የሚዞረውን በአንድ ቀለም አስምሪበት፣ ከፓርቲው ጋር የቀረውን በሌላ። ቃለ ጉባኤው ሐንሳርድ ይባላል፤ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል። እሱም ቢሆን ቃል በቃል አይደለም። ድግግሞሹን ያወጡለታል፣ ግልጽ ስህተቱን ያርሙለታል። ቪዲዮው ካለ ጎን ለጎን ክፈቺው።